ጥያቄና መልስ፦ ጸጉሩ የረገፈው፣ ጥፍሩ የተነሣው መተት ነው?

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ወንድሜ ለአእምሮ ሕመሙ ሊቲየም ሲወስድ ዓመታት ሆኖታል። ሰሞኑን ተቅማጡ አልቆም አለ፤ ጸጉሩ ረገፈ፣ ጥፍሩ ከሥሩ ተነሣ፣ መዳፉ ጠቆረ። በጨጓራውና በአንጀቱ ብዙ ፖሊፕ (ከግድግዳው ላይ የበቀለ ትርፍ ሥጋ) ተገኝቶ «ክሮንካይት-ካናዳ የሚባል ሕመም ነው» ተባለና ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ ክኒን ታዘዘለት። ዘመድ ግን «መተት ነው፤ ክኒኑን ትቶ ጠበል ይግባ፣ ዐቢይ ጾምንም ይጹም» ይላል። ምን ላድርግ? (ከጅማ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ክኒኑ አይቋረጥ፤ ጠበሉም አይቅርበት። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር ነው ይላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ አስተምረዋል።

ሕመሙ መተት አይደለም። በ1955 እ.ኤ.አ. ሁለት ሐኪሞች በሁለት ሕሙማን ላይ አይተው ጽፈውታል፤ «ካናዳ» የአንዷ ሐኪም ስም ነው እንጂ አገሩ አይደለም። ከተጎዳው አንጀት ፕሮቲን እየፈሰሰ ይወጣል፣ ሰውነት ይከሳል፤ ጸጉርና ጥፍርም አብረው ይጎዳሉ። ሕክምናው ከያዘለት መልሰው ሊበቅሉ ይችላሉ። በዘር የሚተላለፍ ስላልሆነ ለልጆቹ አትስጊ።

ጠበሉን ይጠመቅ። በጆግ እየጠጣ እንዲያስመልስ ግን አታድርጉት። ውኃና ጨው ከሰውነት ሲጎድል ሊቲየም በደም ውስጥ ይከማቻል። እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገደ፣ ምላሱ ከተሳሰረ «መንፈሱ ጮኸ» ብላችሁ አታቆዩት፤ የመድኃኒት መመረዝ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት። ለበረከት አንድ ጉንጭ ይበቃል። ተቅማጡ ለሚያስወጣው ፈሳሽ አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ በጥብጠሽ ስጪው።

ፕሬድኒሶሎኑን ጠዋት ከምግብ ጋር ይውሰድ። በድንገት ካቆመ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። መድኃኒቱ ራሱ አእምሮን ሊያውክ እንደሚችልም እወቂ፤ በተለይ በቀን ከ40 ሚሊግራም (ባለ 5 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ) ሲያልፍ እንቅልፍ ማጣትና ልፍለፋ ሊመጣ ይችላል። ይህንንም ቤተሰብ «ጋኔን ነው» ይለዋል። ስለዚህ የሁለቱንም መድኃኒት ፓኬት በአንድ ፌስታል ይዘሽ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂጂ፤ ለውስጥ ደዌ ሐኪሙ ስለ ሊቲየሙ፣ ለአእምሮ ሐኪሙ ስለ ፕሬድኒሶሎኑ ንገሪ። በደሙ ውስጥ ያለው የሊቲየም መጠን እንዲለካም ጠይቂ።

55ቱን ቀን አይጹም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲያዝዝ ሕመምተኛን አያስገድድም፤ ፕሮቲን የሚፈሰው ሰው ደግሞ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ያስፈልገዋል። ከአንቺ ሲሰማ ጾሙን መተው ኃጢአት ሊመስለው ስለሚችል የንስሐ አባቱ ራሳቸው ይንገሩት።

ለቅዱስ ቁርባን የሚጾመው 18 ሰዓት ተቅማጡ ሳይቆም አይሞከር። ሲሻለው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክራችሁ ቀን ምረጡ። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚያበቃ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሻለዋል፤ ከቆረበ በኋላ ምግቡንና ክኒኑን ጠዋቱን ይወስዳል።