በባክቴሪያ የሚመረት ፕላስቲክን ባጠና ሥራ አገኛለሁ?

ውድ እህቴ፣ በአዳማ የኬሚካል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ መሆንሽን ገልጸሽ፣ የመመረቂያ ጥናትሽን ባክቴሪያ በሚያመርተውና በሚበሰብሰው ፕላስቲክ ላይ ብትሠሪ የሚቀጥርሽ ይኖር እንደሆነ ጠይቀሻል። ጥናቱን ሥሪው፤ የሥራ ፍለጋሽን ግን በምርቱ ስም ላይ ሳይሆን ምርቱ በሚጠይቀው የማብላላት ሙያ ላይ፣ ማለትም እንደ ባክቴሪያና እርሾ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳትን በታንክ ውስጥ እየመገቡ ምርት በማውጣት ሙያ ላይ መሥርቺው።

ፈረንሳዊው ሞሪስ ለሟኝ ፖሊሃይድሮክሲቡቲሬት የተባለውን ይህን ፕላስቲክ በባክቴሪያ ሕዋስ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ኩፕሪያቪደስ ኔካቶር የተባለው ባክቴሪያ ምግብ ተትረፍርፎለት ናይትሮጅን ወይም ፎስፈረስ ሲያጥረው መራባቱን ይገታና፣ እኛ ስብ እንደምናከማች ሁሉ ትርፉን ካርቦን በፕላስቲክ መልክ ያጠራቅማል፤ ሁኔታው ከተመቻቸለትም ከደረቅ ክብደቱ እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የዚሁ ቤተሰብ ፕላስቲክ በጀርመን የሻምፑ ጠርሙስ ሆኖ ለገበያ ቢቀርብም፣ ከነዳጅ ከሚሠራው ጋር በዋጋ መወዳደር ስላቃተው አልዘለቀም። ዋጋውን የሚያንረው በዋናነት የባክቴሪያው ምግብና ፕላስቲኩን ከሕዋሱ ለይቶ የማውጣቱ ሥራ በመሆኑ፣ የጥናትሽም ጥያቄ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ቢሆን እመርጣለሁ።

ምግቡን በተመለከተ ከአዳማ የተሻለ ቦታ አይታየኝም፤ ወንጂ አጠገባችሁ ነው፤ ከስኳር ምርት የሚተርፈው ሞላሰስም ርካሽ የካርቦን ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ባክቴሪያ በተፈጥሮው ፍሩክቶስ የተባለውን ቀላል ስኳር እንጂ በሞላሰስ ውስጥ ያለውን ሱክሮስን (ተራውን ስኳር) እንዳለ ስለማይመገብ፣ የሞላሰሱ ሱክሮስ አስቀድሞ በአሲድ ወይም በኢንዛይም ወደ ቀላል ስኳሮች መከፈል አለበት። ይህ እርምጃ ስንት ብር እንደሚጨምርና ምን ያህል ምርት እንደሚያስገኝ በቁጥር ማሳየት ብቻውን የተከበረ የመመረቂያ ሥራ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ተስፋ ሰጥቶሽ ይሆናል። የአዳማ ነፋስ በየአጥሩ ላይ የሚሰቅለውን ፌስታል ለሚያይ ሰው ተስፋሽ ይገባዋል፤ እኔም እጋራዋለሁ። ነገር ግን በፌስታል ምትክ በቅድሚያ የሚገባው ወረቀትና ጨርቅ እንጂ የባክቴሪያ ፕላስቲክ ስላልሆነ፣ በአዋጁ ብቻ ተማምነሽ ሥራ አትጠብቂ።

የማብላያ ታንክን ሙቀት፣ ኦክስጅንና ፒኤች (የአሲድነት መጠን) መቆጣጠር፣ ብክለትን መከላከልና ናሙና መመርመር የቻለ ሰው ግን በቢራ፣ በአልኮልና በመድኃኒት ፋብሪካዎች ይፈለጋል፤ ስለዚህ የተግባር ልምምድሽን ከእነዚህ በአንዱ ለማድረግ ከአሁኑ አመልክቺ። በዚያው ላይ ጥቂት ሳምንታት በፕላስቲክ ማምረቻ ውስጥ ብታሳልፊ ብዙ ትጠቀሚያለሽ፤ ፖሊሃይድሮክሲቡቲሬት ተሰባሪ ከመሆኑም በላይ በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደቀለጠ መበላሸት ስለሚጀምር፣ በማሽኑ ፊት ያልቆመ ተመራማሪ ይህን ችግር በወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው። ርዕስሽን ከማስመዝገብሽ በፊትም በትምህርት ክፍልሽ ያለው የማብላያ መሣሪያ የሚሠራ መሆኑን ራስሽ ገብተሽ አረጋግጪ።