የጤና ጥያቄና መልስ፦ «ኮሮና ያመጣው ነው» የሚባለው ድባቴ

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። በኮሮና ምክንያት የድባቴ ሕመም በዓለም ላይ በ25 በመቶ እንደ ጨመረ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የእናቴ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ሲያርፍ፣ በጊዜው በነበረው ክልከላ ምክንያት ለቀብሩም ለለቅሶውም ሳትደርስ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ ከሰው ራቀች፤ የጽዋ ማኅበሯንም ተወች። ዕድሜዋን ሙሉ ከእጇ ተለይቶ የማያውቀው የበግ ፀጉር ፈተል በጅምር ቀርቶ፣ እንዝርቷ ግድግዳው ላይ እንደ ተሰካ ነው። ራሷን ያማታል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነቃች መልሳ አትተኛም። ጎረቤቶቻችን «ኮሮና ያመጣው ነው፤ ሁሉም ሰው እንዲሁ ሆኗል» ይሉኛል። እውነት ከወረርሽኙ ጋር ይያያዛል? ሕክምናስ አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእናትዎን ሁኔታ ይህን ያህል አስተውለው ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን። የሰሙት አኃዝ የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው ሲሆን፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ድባቴና ጭንቀት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ ገደማ መጨመራቸውን ያመለክታል። ይህ ማለት ግን ከአራት ሰው አንዱ ታመመ ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት የወጣ ሰፊ ጥናት እንደ ገመተው፣ ወረርሽኙ ባይከሰት ኖሮ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከባድ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ቁጥር 193 ሚሊዮን ገደማ ይሆን ነበር፤ በወረርሽኙ ምክንያት ግን ወደ 246 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። ከመቶ ሰው ሲታሰብ፣ ከሁለት ተኩል ገደማ ተነሥቶ ሦስትን በጥቂት አለፈ እንደ ማለት ነው። ጭማሪው በሴቶችና በወጣቶች ላይ ጎልቶ የታየ ሲሆን፣ ተሕዋሲው በብዛት በተሠራጨባቸውና የሰው እንቅስቃሴ ይበልጥ በተገደበባቸው አገሮች የበረታ ነበር።

ወደ ክልላችን ስንመጣ ሌላ ቁጥር እናገኛለን። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በግንቦት 2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮናና ስለ አእምሮ ጤና ባወጣው ሰነድ፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት በአማራ ክልል በተደረገ ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች መካከል 33 በመቶው የድባቴ ምልክት እንደ ታየባቸውና ይህም ቀድሞ ከነበረው ግምት ሦስት እጥፍ መሆኑን ጠቅሷል። ቁጥሩ የሚያስደነግጥ ቢሆንም፣ የተለካው ምልክት እንጂ በሐኪም ምርመራ የተረጋገጠ ሕመም አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተነገረና ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ስለ ነገ ሲያስብ ልቡ የሚከብደው ሰው ብዙ ነበር፤ አብዛኛው ግን ድንጋጤው ሲበርድ ወደ ቀድሞ ኑሮው ተመልሷል። በ2015 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ፣ ከወረርሽኙ በፊት ተለክተው የነበሩ ሰዎች በወረርሽኙ ጊዜ እንደ ገና ሲለኩ የታየባቸው ለውጥ በአማካይ አነስተኛ እንደ ነበረ፣ ሴቶች ግን ይበልጥ እንደ ተጎዱ አሳይቷል። የተገመገሙት ጥናቶች በአመዛኙ የሀብታም አገሮች ስለሆኑ ለእኛ ሙሉ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

እንግዲህ «ሁሉም ሰው እንዲሁ ሆኗል» የሚለው የጎረቤቶችዎ ማጽናኛ፣ በቅንነት የተነገረ ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም። ብዙው ሰው አገግሟል፤ ያላገገመው ሰው ደግሞ በአማካዩ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። በሰሜን ሸዋ ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው፣ የወረርሽኙ ስሜት ሳይወጣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከአጣዬ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና የደረሰው ጥፋትና መፈናቀል በላዩ መደረቡ ነው፤ በዞናችን ከዚያ በኋላ የታየን ድባቴ ሁሉ ለኮሮና ብቻ መስጠት አይቻልም።

የእናትዎን ጉዳይ በተመለከተ ግን ግንኙነቱ ግልጽ ይመስለናል። በእኛ አመለካከት፣ ወረርሽኙ ብዙ ሰው የጎዳው ከበሽታው ፍርሃት ይልቅ ሐዘን የሚወጣበትን መንገድ በመዝጋቱ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወራት ሰው እንዳይሰበሰብ ሲከለከል የቀረው ድንኳኑ ብቻ አልነበረም። ሙሾ አውራጇ ሟቹን በስሙና በሙያው እየጠራች ስታስለቅስ፣ ዕድርተኛው ሌሊቱን አብሮ ሲያድር፣ ዘመድ በየተራ እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲል፣ በአርባው ተዝካር ሲወጣ፣ ሐዘንተኛው ሞቱን ደረጃ በደረጃ ይቀበላል። እናትዎ ይህን ሁሉ አላገኙም። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን መቃብሩ ድረስ ቢወስዷቸው፣ የሙት ዓመቱን ዕለት ዘመድ ሰብስበው ቢያሳስቡላቸውና ስለ ወንድማቸው እንዲናገሩ፣ እንዲያለቅሱም ቢፈቅዱላቸው መልካም ነው። «በቃ፣ እርሺው» አይበሏቸው።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ደስ ይል የነበረን ሥራ መተው፣ ከሰው መራቅ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ መቅረት፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሲዘልቅ ባለሙያ ሊያየው የሚገባ የድባቴ ምልክት ነው፤ እናትዎ ላይ ዓመታት አልፈዋል። በአገራችን ድባቴ ብዙ ጊዜ በራስ ምታት፣ በማቃጠልና በአቅም ማጣት ስለሚገለጥ በማስታገሻ ብቻ ታክሞ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ሲሄዱ የራስ ምታቱን ብቻ ሳይሆን ለእኛ የጻፉልንን ሁሉ ከወንድማቸው ሞት ጀምረው ይንገሩ፤ ባለሙያው ድባቴውን ከተራዘመ ሐዘን የሚለየው በዚህ ነው።

ሕክምናው የምክክር አገልግሎት፣ መድኃኒት ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲን ያሉት መድኃኒቶች ለውጥ ማሳየት የሚጀምሩት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከተሻላቸውም በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አይገባም። ጠበል መጠመቅ ከፈለጉ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይጠመቁ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዳከም ድባቴን የሚመስል ድካም ስለሚያመጡ የደም ምርመራም ይጠይቁላቸው። «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከአፋቸው ከሰሙ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው፤ ለእህልና ለከብት የተገዛ ፀረ ተባይ ኬሚካል በቤት ካለም ከዛሬ ጀምሮ ቆልፈው ቁልፉን እርስዎ ይያዙት።