እናቴን የማስታምመው እኔ ነኝ፤ ቤቱን በስሜ ብታዛውርልኝ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ነው። እናቴ አልጋ ከያዘች ቆየች። የማበላትም የማገላብጣትም እኔ ነኝ። እህቴ ከውጭ ብር ትልካለች። ወንድማችን አዲስ አበባ ነው፤ ብቅ የሚለው ለቁልቢ ገብርኤል ሲመጣ ብቻ ነው። ባለፈው መጥቶ «ቤቱ ይሸጥና እንካፈል፤ እማዬን እኔ ጋ እወስዳታለሁ» አለ። ተጣላን፤ ተዘጋጋን። እናቴ ደግሞ «ሳልሞት ቤቱን በስምሽ ላዛውርልሽ» ትለኛለች። ብቀበል ኃጢአት ነው? ከወንድሜ ጋር ተኳርፌስ መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። በድሬ ሙቀት አልጋ የያዘ ሰው ማስታመም ቀላል አይደለም። ጀርባቸው እንዳይቆስል ሌሊት ተነስቶ ማገላበጥ፣ በላብ የራሰውን አንሶላ መቀየር... ይሄ በባንክ ደረሰኝ ላይ አይታይም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 3 ልጅ አባቱን በእርጅናው እንዲረዳ፣ አእምሮው ቢደክም እንኳ እንዲታገሠው ያዛል። አንቺ እያደረግሽው ነው።

ወደ ቤቱ እንምጣ። እናትሽ በሕይወት እያሉ የእሳቸውን ድርሻ «እንካፈል» ብሎ ነገር የለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ውርስ የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው። ቶሎ ደስ አይበልሽ ታዲያ፤ ይሄ ላንቺም ይሠራል። ያው መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 33 ላይ ወላጅ በሕይወት ሳለ ንብረቱን ለሌላ እንዳይሰጥ፣ የልጆቹን እጅ ከማየት ልጆቹ የእሱን እጅ ቢያዩ እንደሚሻል ይመክራል። አንቺ ታስወጫቸዋለሽ ማለቴ አይደለም። ግን አንቺ ቀድመሽ ብትሞቺስ? ቤቱ ለአንቺ ወራሾች ይሆናል። እናትሽ በገዛ ቤታቸው የማን እንግዳ ሊሆኑ ነው?

ደግሞ አባታችሁ አርፈው ከሆነና ቤቱ የጋራ ከነበረ፣ በእሳቸው ድርሻ ላይ ሦስታችሁም መብት ሊኖራችሁ ይችላል። እሱን ጠበቃ ጠይቂ፤ የእኔ ሙያ አይደለም።

ስጦታ መቀበል በራሱ ኃጢአት አይደለም። ችግሩ ድብብቆሹ ነው። ካንቺ በቀር የሚያጎርሳቸው የሌለ ሰው «ላዛውርልሽ» ሲል ከልቡ ይሁን ከፍርሃት አንቺም በእርግጠኝነት አታውቂም። እናትሽ ድካምሽን ማካካስ ከፈለጉ ኑዛዜ አለ። የንስሐ አባታቸው ባሉበት፣ ወንድምሽም እየሰማ፣ እህትሽም በስልክ ገብታ፣ ሐሳባቸውን ይናገሩ። ከዚያ በሕጉ መሠረት በምስክር ፊት ይጻፍ።

ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር ልበል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ የወቀሳቸው እነማንን ነበር? ወላጅን መርዳት ሲገባ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ማለትን የሚፈቅዱትን ነው። ለታኅሣሥ 19 ድሬ በአውሮፕላን ወርዶ፣ ስለቱን ይዞ ቁልቢ የሚወጣ ሰው እናቱ ጋ ቡና እስኪፈላ እንኳ ካልተቀመጠ፣ ቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ አልቸገረውም። ስለቱን አያስቀር። ግን ጥቂት ሌሊት እናቱ አጠገብ ይደር፤ አንቺም ትንሽ ተኚ።

«እኔ ጋ እወስዳታለሁ» ማለቱ ግን ክፉ አይደለም። እናትሽን ጠይቋቸው። ዕድራቸውም ጎረቤታቸውም ደብራቸውም ድሬ ነው፤ ያንን ትተው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መዋል ይፈልጉ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የትም ይኑሩ፣ ወጪው የሦስታችሁም ነው። ድሬዳዋ የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ልጆች ለተቸገረ ወላጅ ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል። የመድኃኒቱን፣ የዳይፐሩን፣ የሠራተኛዋን ወጪ ጻፊና ለሁለቱም ላኪላቸው። የቤቱን ጉዳይ ከዚህ ሒሳብ ጋር አትቀላቅዪ።

ስለ ቁርባኑ፣ ማቴዎስ 5፥23-24 መጀመሪያ ታረቅ ይላል። በዳዩ እሱ ነው ብለሽ ብታስቢም አንቺ ደውይ። አላነሳም ካለ ሽማግሌ ላኪ። ሐዋርያውም በሮሜ 12፥18 በእናንተ በኩል የሚቻላችሁን አድርጉ ነው ያለው። ይህን ሁሉ አድርገሽ አሻፈረኝ ካለ፣ ልብሽ ውስጥ ያለውን ሳትደብቂ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ከፈቀዱልሽ ቁረቢ። የእሱ ኩርፊያ አንቺን ከሥጋ ወደሙ አያርቅሽም፤ ያንቺ ቂም ግን ያርቅሻል።

ስትደውዪ ታዲያ ስለ ቤቱ አታንሺ። «እማዬ ስላንተ ጠይቃለች» ብለሽ ጀምሪና ስልኩን ለእሳቸው ስጫቸው።