ናሮውቦት ተከራዩ፦ እንግሊዝ ልጅ ለምታሳድጉ ሀበሾች

ይሄን የምጽፈው ሰመር በመጣ ቁጥር "ልጆቹን የት እንውሰዳቸው" እያላችሁ መጨረሻ ላይ ኦቨርታይም ገብታችሁ ለምትቀሩት ነው። ናሮውቦት ተከራዩ። አዎ ያቺ ቀጭን ረጅም፣ ጣሪያዋ ላይ አበባና ማገዶ የተደረደረባት ጀልባ። ለንደን ካሌዶኒያን ሮድ ሄደን እንጀራ በልተን ስንመለስ መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ድልድይ እንደሆነ ስንቶቻችን አይተናል? ከስሩ ሪጀንትስ ካናል የሚባል ለጀልባ የተቆፈረ የውሃ መንገድ ያልፋል፣ ትንሽ ወደ ምስራቅ ሄድ ብሎ ደግሞ ከ1820 ጀምሮ ያለ ወደ 880 ሜትር የሚሆን ዋሻ ውስጥ ይገባና ኤንጀል የሚባለውን ሰፈር ስር ለስር አቋርጦ ይወጣል፣ ጀልባም ያልፍበታል። ለንደን ስንት ዓመት የኖረ ሰው ጠይቄው "የምን ካናል?" ብሎኛል። ከዚህ አገር የሚያውቀው የአውቶቡስ ቁጥሩንና ሽፍቱን ብቻ ነው።

1. ወረቀት
ለኪራይ ጀልባ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም፣ መታወቂያና ዲፖዚት ይዛችሁ ሂዱ፣ አነዳዱን እዛው ያሳዩአችኋል። አለቀ፣ ቪዛ አይደለም።

2. አነዳድ
የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 4 ማይል ነው፣ እሱንም ብዙ ጊዜ አትደርሱበትም፣ ውሻውን የሚያንሸራሽር ሽማግሌ ይቀድማችኋል። ዳር የታሰሩ ጀልባዎች አጠገብ ስትደርሱ ጭራሽ ቀንሱ፣ ሰው ይኖርበታል እኮ፣ ሻዩን ትደፉበታላችሁ። ከፊት ጀልባ ሲመጣ የምትይዙት ቀኝ ነው እንጂ እንደ መኪናው ግራ አይደለም። መሪው ከኋላ ያለ ዘንግ ነው፣ ወደ ግራ ስትገፉት አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ከዳሩ ጋር ይላተማል፣ ብረት ናት አትፍሩ። ብሬክ የላትም፣ የሚያቆማችሁ ሪቨርስ ነው፣ እሱም ቀስ ብሎ ነው የሚይዝ። ሲመሽ አይነዳም።

3. የትኛው ካናል
ኢንግላንድና ዌልስ ውስጥ ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የሚባለው ቻሪቲ ብቻ የሚያስተዳድረው ወደ 2,000 ማይል የሚሆን የውሃ መንገድ አለ፣ ስለዚህ ምርጫ አይጠፋም። ሰው "ሎክ (ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ባለ በር ገንዳ) የሌለበት ይሻላል፣ አይደክምም" ይላችኋል፣ ላንካስተር ካናል ወይ አሽቢ ካናል ይልካችኋል። አትስሙት። ሎክ ያለበትን ምረጡ፣ ለምን እንደሆነ 5ኛው ላይ እነግራችኋለሁ። ለጀማሪ ኦክስፎርድ ካናል ጥሩ ነው፣ ሎኮቹ አይበዙም፣ አናቱ ላይ ደግሞ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ያለ ምንም ሎክ ስለምትሄዱ ታርፋላችሁ። ብሪንድሊ የሚባለው መሐንዲስ ኮረብታ ላለመውጣት ብሎ ዙሪያውን እየጠመዘዘ ስለቀየሰው አንዱን ቤት ከፊት ታዩታላችሁ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በጎን ታዩታላችሁ፣ ቆይታችሁ ደግሞ ከኋላ። ዋርዊክ አጠገብ ያለው ሃተን 21 ሎክ አንድ ላይ የተደረደረበት ነው፣ እሱን ለሁለተኛ ጊዜ አቆዩት።

4. ምግብና ጤና
የኤሌክትሪክ ምጣድ ጀልባ ላይ አይሰራም፣ እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ ሂዱ፣ ፍሪጇም ትንሽ ናት። ጋዝ ምድጃ ስላለ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ ይበቃል። ፍልሰታ ከኦገስት 7 ጀምሮ እስከ 22 ስለሆነ ቁርጥ የልጆቹ እረፍት ላይ ነው የሚውለው፣ "ጾም ነው አንሄድም" የምትሉኝ ሰዎች ጀልባ ላይ ምን ልትበሉ ነበር?

ቡና። ከሰል ጀልባ ውስጥ እንዳይነድ! ባርቤኪውም፣ የእጣን ከሰልም እንዲሁ። ጠባብና የተዘጋ ቦታ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ። ጀበናውን ጋዙ ላይ ጣዱት፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ ጮኸ ብሎ ባትሪውን የሚነቅል ሰው ካለ እሱን አውርዱት። ሌላው እጅ መታጠብ ነው፣ የካናል ውሃ የአይጥ ሽንት አለበት፣ ዋይልስ ዲዚዝ የሚባል ክፉ በሽታ ያመጣል፣ እኛ ደግሞ በእጃችን ነው የምንበላው፣ ገመድ ነክታችሁ ቀጥታ ወደ ትሪው እንዳትሄዱ።

5. ሎክና ልጆቻችሁ
መሬቱ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ውሃ ደግሞ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ጀልባዋን በሁለት በኩል በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ውስጥ አስገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ውሃ እየሞላችሁ ታወጧታላችሁ ወይ እያፈሰሳችሁ ታወርዷታላችሁ። ኦክስፎርድ ካናል ላይ ያለው ሎክ ስፋቱ 2 ሜትር ከምናምን ነው፣ ጀልባዋ የቀጠነችው ለዛ ነው። ሞተር የለውም፣ በእጅ ነው፣ ዊንድላስ የሚባል የብረት እጀታ አለ፣ በሱ የውሃ መክፈቻውን ታዞራላችሁ፣ በሩን በጀርባችሁ ትገፋላችሁ። ዊንድላሱን ሰክታችሁ እንዳትተዉት፣ ተፈናጥሮ ጥርስ ያወልቃል። ስትወርዱ ግድግዳው ላይ ያለውን ነጭ ምልክት እዩ፣ የጀልባዋ ኋላ ከሱ ወደ ፊት መሆን አለበት፣ ካለበለዚያ ውሃው ሲጎድል ኋላዋ በሩ ስር ያለው ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ በደቂቃ ውስጥ ትሰምጣለች። በጀልባዋና በግድግዳው መሃል እጅም እግርም አይገባም። ለልጆቹ ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል።

አሁን ወደ ነገሬ። ልጆቻችን አማርኛ አይችሉም ብለን እናለቅሳለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሀ ሁ እንልካቸዋለን፣ ፊደሉን ቆጥረው ይመጡና መኪና ውስጥ ሲገቡ እንግሊዝኛ። ለምን አይሆንም? እኛ ከነሱ ጋር በአማርኛ የምናወራው ብላ፣ ተኛ፣ ስልኩን አስቀምጥ፣ በቃ ይሄን ነው። አብረን ምን ሰርተን እናውቃለን? እኛ ራሳችን አማርኛ የቻልነው ውሃ ቅዳ፣ በጉን ያዝ፣ ቆርቆሮውን ደግፍ እየተባልን ነው፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። እዚህ አገር ልጁን ምን ታሰሩታላችሁ? እቃው በማሽን ይታጠባል፣ በጉ ተቆራርጦ በፕላስቲክ ይመጣል።

ሎክ ላይ ግን ስራ አለ። ልጁ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፣ እናንተ ታች ጀልባዋ ላይ ናችሁ፣ "ቆይ! ገና ነው፣ ውሃው እኩል ይሁን! አሁን ግፋ! ገመዱን አላላው፣ እንዳታስረው፣ ያዘው ብቻ!" ትላላችሁ፣ በጥድፊያ ሰዓት እንግሊዝኛው የት ይመጣል፣ ካልሰማ ጀልባዋ ስለምትላተም ደግሞ ይሰማል። በኔ ጉትጎታ የሄደች አንዲት እናት ስትነግረኝ፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚመልስላት ልጇ በሁለተኛው ቀን ከላይ ሆኖ "እማዬ ቀስ በይ፣ ገና አልሞላም" ብሎ ጮኸባት። ቁጣ በአማርኛ! የኔዎቹ አድገው ወጥተዋል፣ አሁን አራት ቀን አብረን እንሂድ ስላቸው ካሌንደራቸውን ያወጣሉ፣ "ኦክቶበር ላይ ይቻል ይሆናል" ይሉኛል፣ በእንግሊዝኛ። ትንሽ ሆነው "ነይ እንጫወት" ሲሉኝ ናይት ሽፍት ነበርኩ፣ ሁልጊዜ ናይት ነበርኩ።

ድሮ በነዚህ ጀልባዎች የድንጋይ ከሰል የሚጭኑ ሰዎች ሙሉ ቤተሰቡ ከኋላ ሶስት ሜትር በማትሞላ ክፍል ነበር የሚኖረው፣ ልጆቹ ፈረስ ይነዱ ነበር፣ ሎክ ይከፍቱ ነበር። ድህነት ነው አላማረኝም፣ ትምህርት ቤት እንኳን በቅጡ አልገቡም። ግን አባታቸው ምን እንደሚሰራ፣ እንዴት እንደሚናገር ያውቁ ነበር። የኛን ልጆች አባትህ ምን ይሰራል በሏቸው እስኪ።

አባቶችም ስሙ፣ መሪውን ጨብጣችሁ እንደ ካፒቴን ቆማችሁ ሚስትና ልጅ በር እንዲገፉ አታድርጉ። ይሄ የፈረንጆቹም ችግር ነው፣ ካናሉ ላይ ስትሄዱ ታዩታላችሁ፣ ወንዱ ይነዳል፣ ሴቷ ትገፋለች። ተቀያየሩ። መሪውን ለልጁ ስጡትና አጠገቡ ቆማችሁ "ወደዚህ ሳብ፣ ትንሽ፣ በቃ ልቀቅ" በሉት።

ጓደኛም ሰብስባችሁ አትሂዱ። ስፒከርና ቲክቶክ ላይቭ የተጫነበት ጀልባ አይቻለሁ፣ ልጆቹ ውስጥ ገብተው ስልክ ላይ ነበሩ።

6. ገንዘብ
በእረፍት ሰዓት ሳምንቱ ከሺህ ፓውንድ በላይ ነው፣ ውድ ነው። ግን ተዉኝ እስኪ፣ አይታችሁት ለማታውቁት የአጎት ልጅ ሰርግ ስትልኩ አልተወደደም፣ ሰው ለማይኖርበት ኮንዶሚኒየም ሴራሚክ ሁለት ጊዜ ስታስቀይሩ አልተወደደም፣ ልጁ ሲሆን ነው የሚወደደው። ሳምንቱ ከከበደ የሶስት ሌሊቱን ያዙ። ኦገስት ቶሎ ስለሚያልቅ የገና በዓል ሳያልፍ ቡክ አድርጉ፣ አራት ከሆናችሁ የስድስት ሰው ጀልባ ውሰዱ፣ የአራቱ ላይ ሶፋው ነው አልጋ የሚሆነው። ልጆቹን አታማክሩ፣ ዋይፋይ አለው ወይ ነው የሚሏችሁ።