ወንዙ እንዲጸዳ ከመክሰስዎ በፊት፦ መቼ ነው ያመለከታችሁት?

ጥያቄ፦ ኡራኤል አካባቢ ባንቲይቀጡ ወንዝ ዳር እንኖራለን። ከላያችን ያለ ብረት በክሮም የሚለብጥ ድርጅት ማታ ማታ ቢጫ ፍሳሽ ይለቃል። በተደጋጋሚ አመልክተን ሰሚ አጣን። ወንዙን እንዲያጸዳ ፍርድ ቤት ያስገድድልናል?

መልስ፦ መጠየቅ ትችላላችሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። አቤት ለማለት በግል መጎዳትዎን ማስረዳት እንኳ አይጠበቅብዎትም።

እኔን ያሳሰበኝ «በተደጋጋሚ አመልክተን» ያሉት ነው። ለማን? መቼ? በጽሑፍ ነው ወይስ ወረዳ ሄዳችሁ ተነጋግራችሁ? ይህን ያህል ተጨንቀው ሲጽፉ አንድ ቀን እንኳ አለመጥቀስዎ፣ አይቆጡኝና፣ በእጅዎ ወረቀት የለም ብዬ እንድጠረጥር አድርጎኛል።

ብዙ ባለጉዳይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት አቤቱታው መጀመሪያ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ይቀርባል፤ ለእናንተ የከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ማለት ነው። በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ፍርድ ቤት የምትሄዱት ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለፈበት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ነው። በቃል ብቻ ያመለከተ ሰው 30 ቀን መጠበቁን በምን ያስረዳል? ከሳሽ ሆኖ ቢቀርብ «መጀመሪያ እዚያ አመልክት» ተብሎ ይመለሳል። በጽሑፍ አመልክቶ «ነገ ይጠሩናል» እያለ ዓመት የጠበቀው ደግሞ ባለ ማኅተም ደብዳቤውን ይዞ ጊዜው አልፎበት ይገኛል። የመሥሪያ ቤቱ ዝምታ ቀኑን አያስቆመውም! ብክለቱ ዛሬም ካልቆመ ስለ አዲሱ ፍሳሽ አዲስ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ተከሳሹ ግን መቃወሙ አይቀርምና ጠበቃ ሰነዶቹን ሳያይ አይሞክሩት።

ለጤናችሁ ወይም ለንብረታችሁ ካሳ የምትጠይቁ ከሆነ ያ ሌላ ክስ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ብቻ ይሰጣል።

ማስረጃን በተመለከተ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የቀዳችሁት ውኃ ብቻውን አያዛልቅም፤ ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደቀዳው ይጠየቃል። ባለሥልጣኑ ራሱ ናሙና እንዲወስድ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከወንዙ ሥር ያለው ጭቃም እንዲመረመር ጨምሩበት። ማታ የተለቀቀው ውኃ ጠዋት ወርዶ ሄዷል፤ ክሮም ግን ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከተቆጣጣሪዎቹ በፊት ጭቃውን ራሳችሁ እንዳትጠርጉ። ለጤናም አይበጅም።

ደግሞስ የእናንተ የመጸዳጃ ቤት ቱቦ የት ነው የሚወርደው? ለእኔ አይመልሱልኝ፤ የድርጅቱ ጠበቃ ግን መጠየቁ ስለማይቀር ለጠበቃዎ አስቀድመው ይንገሩ።

በዚህ ሳምንት አቤቱታውን ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ቅጂው ላይ ቀን፣ ገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። ያንን ቅጂና ከዚህ በፊት የተጻጻፋችሁት ካለ ሁሉንም ይዛችሁ፣ 30ው ቀን ሳይሞላ ጠበቃ አማክሩ።