ስለ ሐረር ቱሪዝም ጠይቁኝ፦ እንግዳው ለምን አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ይሄዳል?

አስጎብኚው፦ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፤ እዚሁ እንጨርሰው። እንጀራዬ ሐረር ውስጥ እንግዳ ይዞ መዞር ነው። ስለ ጁገል፣ ማለትም በግንብ ስለታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ስለ አስጎብኚነት፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ስለ ማሳደር ጠይቁ። ብድርና ሊዝ የኔ ሙያ አይደለም።

ወጣቱ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ከተማችን በቱሪዝም እንድታድግ ምን መደረግ አለበት?

አስጎብኚው፦ ይሄ የስብሰባ ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ቤት አለህ? መኪና? ቋንቋ? ምን እንዳለህ ንገረኝና እንነጋገራለን።

የጁገል ልጅ፦ ጁገል ውስጥ የአያቶቻችን ጌ ጋር፣ ማለት ባህላዊ የሐረሪ ቤት፣ አለ። አክስቴ ብቻዋን ነው የምትኖርበት። እንግዳ ማሳደሪያ ብናደርገው ያዋጣል?

አስጎብኚው፦ እሰይ! አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን። እህቴ፣ መጀመሪያ የዛሬው እንግዳ ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። ድሬዳዋ በአውሮፕላን ይወርዳል። ወደ 50 ኪሎ ሜትር በመኪና መጥቶ ከሰዓት ሐረር ይገባል። ማታ ጅብ ያያል። ከግንቡ ውጭ ሆቴል ያድራል። ጠዋት ጁገልን ይዞራል፣ ምሳውን በልቶ ወደ ድሬ ይመለሳል። ገንዘቡ የት ቀረ? ሆቴሉ ጋ፣ ሹፌሩ ጋ፣ ጅብ የሚያበላው ሰው ጋ። ጁገል ውስጥ ለሚኖረው ቤተሰብ የደረሰው ፎቶ መነሳት ብቻ ነው።

48 ሄክታር ላይ 82 መስጊድና 102 አድባር ያላት ከተማ በግማሽ ቀን ታልቃለች? አታልቅም። እንግዳው የሚሄደው የሚያቆየው ስለሌለ ነው። ሁለተኛ ሌሊት ያደረ ሰው ቁርስ ይበላል፣ ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ይጠጣል፣ መኪና ግርግር ሄዶ ልብስ ያሰፋል፣ ገበያ ወጥቶ ቅመም ይገዛል። ለውጡ ያለው እዚያ ነው። የአክስትሽ ቤት ሁለተኛዋን ሌሊት ሊሸጥ ይችላል።

ስለ ቤቱ ደግሞ። ጁገል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ከመንካታችሁ በፊት ቅርስ ቢሮ ሂዱ። ነደባዎቹን፣ ማለቴ መደቦቹን፣ አፍርሳችሁ ሶፋ እንዳታስገቡ። ቀዩ ወለል ላይ ሴራሚክ ያነጠፈ ሰው አውቃለሁ፤ እንግዳ ገብቶ አይቶ ወጣ። ሽንት ቤትና ሻወር ግቢው ውስጥ ለብቻ ይሁን። ውሃ በሐረር የታወቀ ጣጣ ነው፤ ሮቶ ሳትተክሉ አልጋ አትግዙ። የአክስትሽ ደንብም ይከበር፤ ጫማ ይወልቃል፣ መጠጥ አይገባም ካለች እንግዳው ሳይመጣ ይነገረው። እሷ ደግሞ ከበሩ በላይ የተጠቀለለው ምንጣፍ ምን እንደሚናገር ታጫውተው። ይህን የትኛውም ሆቴል አይሰጠውም።

ዋጋውን አስቀድማችሁ ንገሩ። ጽፋችሁ ለጥፉት።

ከአዲስ አበባ፦ ዋጋ ካላችሁ አይቀር፣ እኔ ባለፈው መጥቼ ጅብ ለማየት ለስንት ሰው ነው የከፈልኩት! አንዱ ለመግቢያ፣ አንዱ ለሥጋው፣ አንዱ ደግሞ ለመኪና መብራቱ።

አስጎብኚው፦ ያልኩት ይሄንን ነው። ዋጋ አስቀድሞ ይነገር! አንድ ሰው ይቀበል፣ ውስጥ ለውስጥ ይከፋፈሉ። ደግሞ በልዩ ልዩ ሰበብ የሚጠየቀው የውጭ ሰው ብቻ መስሏችሁ ነበር አይደል? የአገር ውስጥ እንግዳ ሲማረር ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ስልክ ይበቃዋል።

ታዛቢ፦ ጅብ ማብላት እኮ ባህል አይደለም። ለቱሪስት የተፈጠረ ትርኢት ነው።

ፈረስ መጋላ፦ አቦ ተው! የዓሹራ ገንፎስ? ጅቡ የቅቤውን ገንፎ በላ አልበላ ተብሎ ዘመኑ ይገመታል። እሱም ለቱሪስት ነው?

ታዛቢ፦ ገንፎው በዓመት አንዴ ነው። እኔ የማወራው በየማታው በእንጨት ሥጋ አንጠልጥሎ ፎቶ ስለማስነሳቱ ነው።

ፈረስ መጋላ፦ ሰውዬው ልጆቹን በምን ያሳድግ?

አስጎብኚው፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ አሁን ወደ ጥያቄው።

ተማሪ፦ የጁገል በሮች 5 ናቸው 6?

አስጎብኚው፦ ጥንታዊዎቹ 5። መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ የተከፈተ ነው። ቀጥሉ።

ጀማሪ አስጎብኚ፦ ጋሼ፣ የገጣሚው የራምቦ ቤት ስወስዳቸው ፈረንሳዮቹ «በእርግጥ እዚህ ቤት ነው የኖረው?» ይሉኛል። ምን ልበል?

አስጎብኚው፦ እውነቱን። አርተር ራምቦ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐረር ውስጥ ነግዷል፣ ኖሯል። በ1891 ሞተ። ያ ቤት ከእሱ በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ፈረንሳዊው ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቦ ነው የሚመጣው፤ እየፈተነህ ነው። ብትዋሸው ቀሪውን ወሬህን ሁሉ አያምንህም። እውነቱን ነግረኸው ፎቶዎቹን፣ የእንጨት ሥራውን፣ ከላይ የሚታየውን ከተማ አሳየው። ደስ ብሎት ይወጣል።

ባለሃብት፦ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ቢሠራ አይሻልም?

አስጎብኚው፦ ገንዘብ ካለህ ሥራ። ጁገል ውስጥ ግን አይሆንም።

ስፌት ሠሪ፦ እኛ በማኅበር ሆነን ስፌት እንሠራለን። እንግዶች ያደንቃሉ፣ አይገዙም።

አስጎብኚው፦ ትልቁ መሶብ ሻንጣ ውስጥ አይገባማ! ትንንሹን አስቀድሙ። ደግሞ ሙያውን ሽጡ። እንግዳውን አጠገባችሁ አስቀምጡት፣ አለላውን አስይዙት፣ አንድ ዙር ይስፋ። ጣቱ ሲያመው ዋጋው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ለማስተማሩ ለብቻ አስከፍሉ። እዚህም ዋጋ አስቀድሞ።

አዲስ አባል፦ እንግዳ ማሳደሪያ ለመክፈት ምን ያስፈልጋል?

አስጎብኚው፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። ጣቴ እስኪደነዝዝ ጽፌዋለሁ።

ከቶሮንቶ፦ ልጆቼን ለሹዋሊድ በዓል ላመጣ አስቤያለሁ። ዘመድ ቤት ነው የምናድረው። ለከተማው ምን እንጠቅማለን?

አስጎብኚው፦ በደንብ ትጠቅማላችሁ! ልጆቹ እዚያ ተወልደው ካደጉ፣ አጎታቸው የሚያስጎበኛቸው ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ እየሰጠ ነው፤ ታሪክ ለመንገር ጊዜ አይደርሰውም። ለአንድ ቀን አስጎብኚ ያዙላቸው። ስፌት ይማሩ። ሹዋሊድ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ስለተመዘገበ ሌላውም ሰው እየጠየቀ ነው። ችግሩ በዓሉ በጨረቃ ነው የሚቆጠረው። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ የሸዋል ጾም ሲያልቅ ነው፤ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል። አስጎብኚ ድርጅቶች ጉዞ የሚሸጡት ከብዙ ወር በፊት ስለሆነ ቀኑ በግምትም ቢሆን ቀድሞ መነገር አለበት። ቀኑን በዓሉ ሲደርስ ብናውጅ እንግዳችን ጎረቤት ብቻ ይሆናል። ለዚያ ሳምንት ብላችሁ ግን አልጋ አታብዙ፤ የቀረውን ዓመት አቧራ ነው የሚያድርበት።

የድሬ ሹፌር፦ እኔ ሚኒባስ አለኝ። ባቢሌ የዝሆን መጠለያ እየወሰድኩ ዝሆን ማሳየት ብጀምርስ? ሁለተኛ ሌሊት አይገኝም?

ፈረስ መጋላ፦ የድሬ ልጅ ደግሞ የሐረርን እንግዳ ማታ ወደ ድሬ ሊመልስ ነው!

የድሬ ሹፌር፦ አቦ እኛ ባንኖር በምን ትመጡ ነበር?

አስጎብኚው፦ ተዉ እንጂ! ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ዝሆኑን ግን ቃል አትግባ። መጠለያው ሰፊ ነው፤ ዝሆን በአንድ ቀን ላይገኝ ይችላል፣ ያላየ እንግዳም ገንዘብ መልስ ይላል። ወደ ጅጅጋ መንገድ ያሉት የዳካታ ድንጋዮች ግን የትም አይሄዱም። እነሱን ሽጥ። ጠዋት ሐረር ቁርስ አብልተህ ውሰድ፣ ለእራት ወደ ሐረር መልስ። ዝሆን ከተገኘ ምርቃት ነው። ዋጋውንም መኪና ሳይገቡ ንገራቸው።