ባሕሩ ሲናወጥ ምን ልብላ? የት ልተኛ?

ከደብረ ብርሃን ወርደህ ከጅቡቲ በትንሽ የሸራ ጀልባ ልትጓዝ ነው፤ በማዕበል ጊዜ ስለ ምግብና ስለ መኝታ ጠይቀሃል።

ለምግብ በሶ ያዝ። ጀልባ እየተናጠ ውሃ ማፍላት ሰው ያቃጥላል፤ በሶ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ቆሎም ጨምር። ጭኮ ይቅርብህ፤ ሆድህ ሲገለበጥ የቅቤ ሽታ አይቻልም። ሻይ ካማረህ ማዕበሉ ሳይጀምር አፍልተህ ፔርሙስ ውስጥ አድርግ።

መኝታህ መሃል ላይ፣ ዝቅ ያለው ቦታ ይሁን። እዚያ መናወጡ ይቀንሳል። ከፊት በኩል ከተኛህ እያነሳ ይፈጠፍጥሃል። እንዳትወድቅ የአልጋውን ጎን በጠንካራ ጨርቅ ወጥር። ጋቢ ከረጠበ አያሞቅም፤ የመንዝ ባና ይሻልሃል፣ ሱፍ ስለሆነ እርጥብም ሆኖ ያሞቃል።

የማቅለሽለሽ ክኒን ከመነሳትህ በፊት ዋጥ። ማስመለስ ከጀመርክ በኋላ ሆድህ ውስጥ አይቆይም። ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ስለዚህ ቀድመህ ቤትህ ሞክረው።

አንድ ነገር አደራ። ወደ ውጭ ስትወጣ የደህንነት ቀበቶህን ገመድ ገና በሩ ላይ ሳለህ ከጀልባው ጋር እሰር። ለሽንት ብቻ ብትወጣም እሰር። ጎበዝ ዋናተኞች «ለአንድ ደቂቃ ነው» ብለው ሲተዉት አይቻለሁ፤ በጨለማና በማዕበል መካከል የወደቀን ሰው መልሶ ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው።